ዳኛ የሌለው ገበያና ቁልፉ በአንድ እጅ የሆነ መጋዘን
የፎቶግራፍ አሳማሪዎች ምክር የሚለዋወጡበት ቦታ እንዴት እንደ ተለወጠ፤ ለነጋዴውም የሚሰጠው ትምህርት

በደጋማው ጎጃም ፎቶ ቤት ከፍቶ የሚሠራ ሰው ሁሉ የሚያውቀው አንድ ጉዳይ አለ። ክረምቱ አልፎ መስከረም ሲጠባ ደንበኛው በነጠላ የተጠቀለለ ፍሬም ይዞ ይመጣል። በውስጡ ያለችው ፎቶግራፍ የአባት ወይም የእናት መልክ ያለባት፣ የቤት ጢስ ያደበዘዛት፣ የክረምቱ እርጥበትም ከመስተዋቱ ጋር ያጣበቃት ናት። ሌላ ቅጂ የላትም፤ ነጋቲቩም የት እንደ ደረሰ የሚያውቅ የለም። ደንበኛው የሚጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «እንደ ዱሮዋ ትሆንልኛለች ወይ?»

በዚህ ጊዜ ባለሙያው ከሁለት አንዱን መምረጥ አለበት። ፎቶግራፏን ከመስተዋቱ ላይ በግድ ቢያላቅቃት፣ መልኩን የያዘው ስስ ሽፋን በመስተዋቱ ላይ ተጣብቆ ሊቀር፣ በእጁም ባዶ ወረቀት ብቻ ሊተርፈው ይችላል። ከነመስተዋቱ በስካነር ወይም በካሜራ ቢያነሣት ግን ዋናዋ ሳትነካ ቅጂዋ በኮምፒዩተር ላይ ይገኛል፤ ከዚያ በኋላ ስንጥቁን መድፈን፣ እድፉን ማጥራት፣ የደበዘዘውን ማጉላት ይቻላል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የአንዲት ምክር ልዩነት ነው። ምክሩ በጊዜው ከተገኘ ደንበኛው የአባቱን መልክ ይዞ በደስታ ወደ ቤቱ ይመለሳል፤ ካልተገኘ ግን ባለፎቶ ቤቱ በማናቸውም ካሣ የማይተካ ዕቃ አጥፍቶአል።

ካሜራው፣ ስካነሩ፣ ማተሚያው፣ ወረቀቱና ቀለሙ ከውጭ አገር የሚገቡ ዕቃዎች ናቸው፤ ዋጋቸው ይታወቃል፣ ቀረጣቸው ይከፈላል፣ ደረሰኛቸው በመሳቢያ ይቀመጣል። ከዕቃዎቹ ሁሉ የሚበልጠው ግን ዕውቀቱ ነው፤ ዕውቀት ደግሞ በሣጥን ታሽጎ በጉምሩክ በኩል አይገባም። እንግዲህ ይህ ዕውቀት የሚገኝበት ገበያ የት ነው? ገበያውስ ማን ይጠብቀዋል? የዚህ ጥያቄ መልስ ባለፉት ሠላሳና አርባ ዓመታት ውስጥ ብዙ ጊዜ ተለዋውጦአል። የለውጡም ታሪክ ለፎቶግራፍ ሰዎች ብቻ ሳይሆን፣ በገበያ ለሚኖር ሁሉ ትምህርት የሚሰጥ ነው።

በጌታና በሎሌ መካከል የነበረ ሙያ

ኮምፒዩተር ከመምጣቱ በፊት ፎቶግራፍ ማሳመር የእጅ ሥራ ነበር። ባለሙያው በቀጭን እርሳስ ነጋቲቩን እየነካካ የፊትን ጉድፍ ያጠፋል፤ በትንሽ ቡርሽ በታተመው ሥዕል ላይ ቀለም ያኖራል፤ በስለታም ምላጭ ጥቁር ነጥብን ይፍቃል። ይህን ሥራ ለመማር የሚሻ ሰው ከጌታው አጠገብ ለብዙ ጊዜ እየተላላከ ከመቀመጥ በቀር ሌላ መንገድ አልነበረውም።

በአገራችንም የፎቶግራፍ ሙያ በዚሁ ዐይነት ሲተላለፍ ኖሮአል። በሃያኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ የዳግማዊ ምኒልክ ቤተ መንግሥት ፎቶግራፍ አንሺ የነበረው አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጅያን ሙያውን ለልጆቹ አውርሶ፣ ሃይጋዝና ቶኒ ቦያጅያን እስከ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ድረስ አገልግለውበታል። እንዲህ ያለው ሥርዐት ጥራትን ይጠብቃል፤ ነገር ግን ጠባብ ነው። ጌታ በሌለበት ከተማ ተማሪ አይኖርም፤ ጌታው ምስጢሩን ይዞ ከሞተም ሙያው አብሮት ይቀበራል።

የሁሉ የሆነ፣ የማንም ያልሆነ ገበያ

ነገሩን የለወጡት በአንድ ዘመን የተገናኙ ሁለት ነገሮች ናቸው። አንደኛው ፎቶሾፕ የተባለው የኮምፒዩተር ፕሮግራም ነው። ቶማስ ኖልና ጆን ኖል የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ወንድማማቾች የሠሩትን ይህን ፕሮግራም አዶቤ የተባለው ኩባንያ በ1990 እ.ኤ.አ. ለሽያጭ አቀረበው። ከዚያ ጊዜ ጀምሮ በእርሳስና በምላጭ ይሠራ የነበረው ሥራ በኮምፒዩተር መስኮት ላይ የሚሠራ ሆነ። በ1994 እ.ኤ.አ. የወጣው ሦስተኛው እትም ደግሞ ሥዕሉን በላይ በላዩ በተነባበሩ ንጣፎች ከፋፍሎ ለመሥራት ስላስቻለ፣ ባለሙያው ዋናውን ሳይነካ በላዩ ላይ እንደ ፈለገ ለመሞከር ቻለ።

ሁለተኛው ነገር ዩዝኔት የተባለው የመልእክት መረብ ነው። ይህ መረብ ኢንተርኔት በሕዝብ ዘንድ ከመታወቁ በፊት በ1979 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ዱክ ዩኒቨርሲቲ ቶም ትራስኮትና ጂም ኤሊስ በተባሉ ተማሪዎች ታስቦ፣ በማግስቱ ዓመት ሥራ የጀመረ ነው። አንድ ሰው ጥያቄውን ጽፎ በዩኒቨርሲቲው ወይም በመሥሪያ ቤቱ ኮምፒዩተር ላይ ያኖራል፤ ያ ኮምፒዩተር ለጎረቤቱ፣ ጎረቤቱም ለሌላው እያስተላለፈ ጥያቄው ዓለምን ይዞራል። መልእክቶቹ በየጉዳያቸው ተለይተው ስለሚቀመጡ እያንዳንዱ ክፍል ኒውስግሩፕ ተባለ። ስለ ፎቶግራፍ የሚነጋገሩም፣ ስለ ፎቶሾፕ ብቻ የሚነጋገሩም ክፍሎች ነበሩ።

የዚህ መረብ ልዩ ጠባይ ባለቤት የሌለው መሆኑ ነው። አብዛኞቹ ክፍሎች አጣሪ አልነበራቸውም፤ የፈለገ ገብቶ ይጽፋል፣ የፈለገ ያነባል። ብዙዎቹ ተሳታፊዎች ለትርፍ ሳይሆን ለደስታቸው ፎቶግራፍ የሚያሳምሩ ሰዎች ስለ ነበሩ፣ አንዱ ሌሊቱን ሲደክምበት ያደረውን ዘዴ ሌላው በነጻ ያገኘዋል። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» እንደሚባለው ሆነ ማለት ነው። ከዚህ መንፈስ የተወለደም ሥራ አለ። በካሊፎርኒያ በርክሌይ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የነበሩት ስፔንሰር ኪምባልና ፒተር ማቲስ ጊምፕ የተባለውን የፎቶግራፍ ማሳመሪያ ፕሮግራም ሠርተው በ1995 እ.ኤ.አ. ለዓለም ያስታወቁት በዚሁ መረብ ላይ ነው። ጊምፕ ዛሬም ያለ ክፍያ የሚገኝ ፕሮግራም ነው።

ይሁን እንጂ ገበያው አንድ የሚያስገርም ጉድለት ነበረበት። ስለ ሥዕል የሚነጋገሩት ሰዎች ሥዕሉን ለመተያየት አይችሉም ነበር። መረቡ የተሠራው ለፊደል ብቻ ስለ ሆነ፣ ፎቶግራፍ ለመላክ መጀመሪያ ወደ ፊደላት መለወጥ ያስፈልግ ነበር፤ በዚህም ለውጥ መጠኑ በሢሶ ያህል ይጨምራል። ስለዚህ በመነጋገሪያ ክፍሎቹ ውስጥ ሥዕል መላክ እንደ ነውር ይቈጠር ነበር፤ ለሥዕል የተለዩ ሌሎች ክፍሎች ነበሩ። ጠያቂው «በግራ ጉንጩ ላይ ቢጫ ነጠብጣብ አለ» ብሎ ይጽፋል፤ መካሪው ሳያይ ይገምታል። በሽተኛው በሌለበት መድኃኒት እንደ ማዘዝ ያለ ነበር።

ባሶን ያየ የሚያውቀው

የጎጃም ሰው ለእንዲህ ያለው የገበያ ነገር እንግዳ አይደለም። በዐሥራ ዘጠነኛው መቶ ዘመን፣ ደብረ ማርቆስ ገና መንቆረር እየተባለች በምትጠራበት ጊዜ፣ ዛሬ የጁቤ ከተማ ባለችበት አካባቢ የነበረው የባሶ ገበያ ስሙ የገነነ ነበር። ከዐባይ ማዶ፣ ከሊሙ እናርያ ሳቃ ገበያ የተነሡ ነጋዴዎች ቡናውን፣ የዝሆን ጥርሱን፣ ዝባዱንና ወርቁን ይዘው ወደዚያ ይመጡ ነበር። ከሰሜን የሚመጣው ደግሞ አሞሌ ጨው ነበር። ከባሶ የተነሣው ሸቀጥ በጎንደር አልፎ እስከ ምጽዋ ይወርድ ነበር።

የዚያ ዘመን ትልልቅ ገበያዎች ግን ያለ ሹም አይቆሙም ነበር። ነጋድራሱ ቀረጥ ይሰበስባል፤ ነጋዴ ከነጋዴ ሲጣላ ይዳኛል። ነጋዴው ስለ ቀረጡ ብዙ ቢያጕረመርምም፣ ዳኛ በሌለበት ቦታ ዕቃውን እንደማያወርድ ራሱ ያውቃል። ዩዝኔት ነጋድራስ የሌለው ባሶ ነበር። ገበያተኞቹ ጥቂትና እርስ በርሳቸው የሚተዋወቁ በነበሩበት ጊዜ እፍረትና ይሉኝታ ዳኛ ሆነው አገለገሉ። ሕዝቡ ሲበዛ ግን እፍረት ብቻውን ገበያ መጠበቅ እንደማይችል ታየ።

የዲቪ ማስታወቂያ ያጥለቀለቀው ቀን

ነገሩ የከፋበት ዕለት በታሪክ ተመዝግቦ ይገኛል። ሚያዝያ 4 ቀን 1986 ዓ.ም.፣ ማለትም ኤፕሪል 12 ቀን 1994 እ.ኤ.አ.፣ ላውረንስ ካንተርና ማርታ ሲገል የተባሉ የአሪዞና ጠበቆች አንድ ማስታወቂያ ከ5,000 በላይ በሆኑ የዩዝኔት ክፍሎች ውስጥ በአንድ ጊዜ በተኑ። የማስታወቂያው ጉዳይ ለኢትዮጵያ ሰው እንግዳ አይደለም፤ የአሜሪካን የመኖሪያ ፈቃድ ዕጣ፣ በእኛ አገር ዲቪ በመባል የሚታወቀውን፣ በክፍያ እናስሞላችኋለን የሚል ነበር። ዕጣው ግን ያን ጊዜ ያለ ክፍያ የሚሞላ ነበር።

ስለ ፎቶግራፍም፣ ስለ ሒሳብም፣ ስለ አትክልትም የሚነጋገረው ሁሉ በዚያን ዕለት ያነበበው ይህንኑ አንድ ማስታወቂያ ነው። የቁጣው መልእክት ከመብዛቱ የተነሣ የጠበቆቹን ኢንተርኔት ያቀርብ የነበረው ድርጅት ኮምፒዩተር ሥራውን እስከ ማቆም ደረሰ፤ ድርጅቱም ደንበኝነታቸውን አቋረጠ። ይሁን እንጂ መንገዱ ተከፍቶአል። ማስታወቂያ በነጻ ለመበተን እንደሚቻል ያየ ሁሉ ተከታትሎ ገባ። ባለቤት የሌለው ገበያ አጥፊውን የሚያስወጣ ሥልጣን ያለው ሰው የለውም፤ እያንዳንዱ አንባቢ በየደጁ የራሱን ወንፊት ከመዘርጋት በቀር ሌላ መከላከያ አልነበረውም። ምክር የሚሰጡት ትዕግሥተኞች ከስድብና ከማስታወቂያ ክምር ውስጥ ጥያቄ መፈለግ ሰለቻቸው፤ እየተነሡም ሄዱ። በማንኛውም ገበያ ቀድሞ የሚለቅ ሌባው ሳይሆን ደኅናው ነጋዴ ነው።

እዚህ ላይ አንድ የሚያስደንቅ ግጥምጥም አለ። ያንን ገበያ ያወከው የዲቪ ዕጣ፣ ከዐሥር ዓመት በኋላ ለአገራችን ፎቶ ቤቶች ኮምፒዩተርን የግድ ካደረጉት ነገሮች አንዱ ሆነ። በ1996 ዓ.ም. የዲቪ ማመልከቻ በወረቀት መላኩ ቀርቶ በኢንተርኔት ብቻ እንዲሞላ ስለ ተወሰነ፣ ጉርድ ፎቶግራፉም በኮምፒዩተር የሚላክ ሆነ። ከዚያ ወዲህ ለብዙ ዓመታት ባለፎቶ ቤቱ ሥዕሉን በተወሰነ ልክ መቍረጥ፣ ክብደቱን መቀነስ፣ ጀርባውን ነጭ ማድረግ መቻል ነበረበት። ከዚህም ጋር የፎቶግራፉ መመሪያ መልክን በኮምፒዩተር መለወጥን ይከለክል ስለ ነበር፣ ባለሙያው ማሳመርን ብቻ ሳይሆን አለማሳመርንም ማወቅ አስፈለገው። ጠባሳን ያጠፋ እጅ ለደንበኛው ደግ የሠራ ይመስለዋል፤ ማመልከቻውን ግን ያስጥለዋል።

ወደ ታጠረው ግቢ

ከዩዝኔት የወጡት የፎቶግራፍ አፍቃሪዎች የገቡት በድረ ገጽ ላይ ወደ ተከፈቱት የውይይት መድረኮች፣ ማለትም ፎረም ወደሚባሉት ነው። ፊሊፕ ግሪንስፐን የተባለው አሜሪካዊ በ1993 እ.ኤ.አ. የጀመረው ፎቶ ዶት ኔትና ፊል አስኪ የተባለው እንግሊዛዊ በ1998 እ.ኤ.አ. መጨረሻ የከፈተው ዲፒ ሪቪው ከታወቁት ናቸው። በ2000 እ.ኤ.አ. ደግሞ ፒኤችፒቢቢ የተባለው ያለ ክፍያ የሚታደል ፕሮግራም ስለ ወጣ፣ ጥቂት ዕውቀት ያለው ሰው ሁሉ የራሱን መድረክ ለመክፈት ቻለ።

የታጠረው ግቢ ያስገኘው ጥቅም በአራት ይጠቃለላል። መጀመሪያ፣ በር አለው፤ የሚገባው ሰው ስሙን ያስመዘግባል። ሁለተኛ፣ ዳኛ አለው፤ አወያዩ ተሳዳቢን ያስወጣል፣ ያልተጠየቀ ማስታወቂያን ያነሣል፣ የተሳሳተ ምክር ሲሰጥም ያርማል። ሦስተኛ፣ ሥዕሉ ከጽሑፉ ጎን ይታያል፤ አንዱ የተጎዳውን ፎቶግራፍ ሲያቀርብ አምስትና ስድስት ሰዎች በየፊናቸው አሳምረው ያሳያሉ፣ ከመካከላቸውም የተሻለው በዐይን ይለያል። አራተኛ፣ መዝገብ አለው፤ ዩዝኔት ላይ ግን አብዛኛው መልእክት ከጥቂት ቀናት ወይም ሳምንታት በኋላ ከየኮምፒዩተሩ ይደመሰስ ስለ ነበር፣ ያው ጥያቄ በየወሩ እንደ አዲስ ይጠየቅ ነበር።

ለአማርኛ ተናጋሪ ደግሞ አምስተኛ ጥቅም ነበረው። በዚያ በአሮጌው መረብ ላይ አማርኛ የሚጻፈው በላቲን ፊደል ነበር፤ አንባቢው እያንዳንዱን ቃል እየፈታ ማንበብ ነበረበት። ዩኒኮድ የተባለው የዓለም የፊደላት መዝገብ በ1999 እ.ኤ.አ. በወጣው ሦስተኛው እትሙ 345 የግዕዝ ፊደላትንና ምልክቶችን ካስገባ በኋላ፣ በድረ ገጽ ላይ በገዛ ፊደል የመጻፉ መንገድ ተጠረገ። በውጭ አገር የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን በሳይበር ኢትዮጵያ ድረ ገጽ ላይ ይሰበሰቡበት የነበረው የውይይት መድረክ ስሙ ዋርካ ነበር። ከዚህ የሚሻል ስም አይገኝም። በአገራችን ዋርካ ሥር የሚቀመጥ ሰው ያለ ሽማግሌ አይነጋገርምና።

በኢትዮጵያም የኢትዮጵያ ቴሌኮሙኒኬሽን ኮርፖሬሽን የኢንተርኔትን አገልግሎት በ1989 ዓ.ም. ጀመረ። የዩዝኔት ዘመን እያለፈ፣ የፎረም ዘመን እየገባ የነበረበት ጊዜ ነው። ስለዚህ አብዛኛው የአገራችን ባለፎቶ ቤት የሚያውቀው ገበያ የታጠረውን ነው፤ ያልታጠረው ምን እንደሚመስል ያየው ብዙ ቈይቶ፣ በእጅ ስልክ ላይ ነው። ይህም ወደ ኋላ ይነገራል።

አጥሩ ያስከፈለው ዋጋ

ይሁን እንጂ አጥር ያለው ግቢ የአጥሩ ባለቤት አለው። ባለቤቱ ሲደክመው፣ ሲከስር ወይም ሲሸጥ ግቢው ምን ይሆናል? ይህን ጥያቄ የፎቶግራፍ አሳማሪዎች ሳያስቡበት ቈዩ፤ መልሱም በሦስት ምሳሌዎች መጣባቸው።

የመጀመሪያው በ2017 እ.ኤ.አ. የሆነው ነው። ብዙ መድረኮች ሥዕሎቻቸውን የሚያስቀምጡት በራሳቸው ዘንድ ሳይሆን ፎቶባኬት በተባለ ኩባንያ መጋዘን ነበር። ኩባንያው ሥዕሎቹ በሌላ ድረ ገጽ ላይ እንዲታዩ የሚፈልግ ሰው በዓመት 400 ዶላር ገደማ መክፈል አለበት ብሎ በድንገት ወሰነ። ያልከፈለው ሰው ሥዕል ሁሉ ከየመድረኩ ጠፋ። የብዙ ዓመት ትምህርት ጽሑፉ ብቻ ቀረ፤ «ይህን ከዚያ ጋር አስተያዩት» የሚል ቃል አለ፤ ይህም ያም ግን የሉም።

ሁለተኛው የዲፒ ሪቪው ነው። ይህን ድረ ገጽ አማዞን በ2007 እ.ኤ.አ. ገዝቶት ነበር። በመጋቢት ወር 2015 ዓ.ም. ኩባንያው ድረ ገጹን በጥቂት ሳምንታት ውስጥ እዘጋለሁ ብሎ አስታወቀ። ተሳታፊዎቹ የሃያ አራት ዓመት መዝገብ እንዳይጠፋ ለመገልበጥ ተሯሯጡ። ደግነቱ በዚያው ዓመት ጊር ፓትሮል የተባለ ሌላ ኩባንያ ገዛውና ከመዘጋት ተረፈ፤ ነገር ግን የተረፈው በገዢ መገኘት እንጂ በተሳታፊዎቹ መብት አይደለም።

ሦስተኛው አሮጌውን ገበያ ራሱን የሚመለከት ነው። የዩዝኔትን ያለፉ መልእክቶች ይሰበስብ የነበረውን የደጃ ኒውስን መዝገብ ጉግል በ2001 እ.ኤ.አ. ገዝቶ ለሕዝብ ክፍት አድርጎት ነበር። ማስታወቂያው እየበዛ ሲሄድ ግን ኩባንያው ከየካቲት 2016 ዓ.ም. ጀምሮ አዲስ መልእክት ከዩዝኔት መቀበልንም ወደዚያ መላክንም አቆመ፤ የቀድሞው መዝገብ ብቻ እንዲነበብ ተወው። እንግዲህ የነጻው ገበያ መታሰቢያ እንኳ የሚገኘው በአንድ ኩባንያ ቁልፍ ነው።

ከሦስቱም የሚወጣው ፍሬ ነገር አንድ ነው። ዳኛ የሌለው ገበያ በሌባ ይፈርሳል፤ ቁልፉ በአንድ እጅ የሆነ መጋዘን ደግሞ በባለቤቱ ፈቃድ ይዘጋል። ከመጀመሪያው የሸሸ ሰው በሁለተኛው እንዳይያዝ መጠንቀቅ አለበት።

ዛሬ በእጅ ስልክ ላይ

ዛሬ በደብረ ማርቆስም ሆነ በደጀን፣ በቢቸናም ሆነ በሞጣ የሚገኝ ባለፎቶ ቤት ምክር ሲሻ ቀድሞ የሚከፍተው በእጁ ያለውን ስልክ ነው። በቴሌግራምና በፌስቡክ ላይ የተሰበሰቡ ቡድኖች ጥያቄውን በደቂቃ ውስጥ ይመልሱለታል፤ ሥዕልም፣ ድምፅም፣ ተንቀሳቃሽ ፊልምም ይልኩለታል። ይህ ትልቅ በረከት መሆኑ አያጠራጥርም።

ነገር ግን አስተውሎ ያየ ሰው ሁለቱም የቀድሞ በሽታዎች በአንድነት መመለሳቸውን ይገነዘባል። አስተዳዳሪው በማይጠብቀው ቡድን ውስጥ የሐሰተኛ ሎተሪ፣ ስሙ የማይታወቅ የቀለም ሻጭና በቫይረስ የተበከለ የተሰረቀ ፎቶሾፕ ከእውነተኛው ምክር ጋር ጎን ለጎን ይሰለፋሉ። የጠዋቱ መልስ በማታው ወሬ ተሸፍኖ ይጠፋል። መጋዘኑም የባዕድ ኩባንያ ነው። በመስተዋት ላይ ስለ ተጣበቀችው ፎቶግራፍ አንዱ «ከነመስተዋቱ አንሣት» ሲል፣ ሌላው «በአልኮል አርሰህ ላጣት» ሊል ይችላል። ሁለቱ መልሶች እኩል ይታያሉ፤ እኩል ግን አይደሉም።

ስለዚህ የንግድ ሰው በማናቸውም የምክር ገበያ ከመግባቱ በፊት ሦስት ጥያቄዎች ቢጠይቅ ይጠቅመዋል። ዳኛው ማን ነው? መዝገቡ የት ነው? ቁልፉስ በማን እጅ ነው? ይህንንም በሥራ ለመተርጐም የሚከተሉት ነገሮች ብዙ ወጪ አይጠይቁም።

አንደኛ፣ በአንድ ከተማ ያሉ ፎቶ ቤቶች የጋራ ቡድን ሲያቋቁሙ ከአንድ ሰው በላይ ጠባቂ ይሹሙለት፤ ለሸቀጥ ማስታወቂያም የተወሰነ ቀን ይለዩለት። ማስታወቂያ የሚከለከል ነገር አይደለም፤ ገበያም ያለ እርሱ አይኖርም፤ ነገር ግን ቦታና ሰዓት ሊኖረው ይገባል።

ሁለተኛ፣ ተሞክሮ የተረጋገጠ መፍትሔ ሁሉ ከስልኩ ወጥቶ በደብተር ይጻፍ። ጉዳዩ፣ የተሠራበት ዘዴ፣ የተገኘው ውጤትና ቀኑ ቢመዘገብ፣ ደብተሩ ለአዲስ ሠራተኛ ጌታ ይሆነዋል። ደብተር ኩባንያ ሲከስር አይዘጋም።

ሦስተኛ፣ የደንበኛ ፎቶግራፍ ቅጂ በሁለት የተለያዩ ዲስኮች፣ በሁለት የተለያዩ ቦታዎች ይቀመጥ፤ የሚሠራውም ሁልጊዜ በቅጂው ላይ ይሁን። ያለ ደንበኛው ፈቃድም መልኩ ለምክር ተብሎ በቡድን ውስጥ አይበተን። የሰው መልክ አደራ ነው።

አራተኛ፣ የተሰረቀ ፕሮግራም ከመጫን ይልቅ እንደ ጊምፕ ያለውን ያለ ክፍያ የተፈቀደ ፕሮግራም መለማመድ ይሻላል። በቫይረስ የጠፋ የአንድ ወር ሥራ ከማናቸውም ፈቃድ ዋጋ ይበልጣል።

አምስተኛው ምክር ለአስመጪዎች ነው። አስመጪው ማተሚያና ቀለም ከማዘዙ በፊት ተጠቃሚዎች በሚነጋገሩበት ቦታ ቢያዳምጥ የገበያውን አየር ቀድሞ ያውቃል። ኮዳክ የተባለው ታላቅ የፊልም ኩባንያ በ2012 እ.ኤ.አ. በዕዳ ምክንያት ከፍርድ ቤት ጥበቃ ከመጠየቁ ብዙ ዓመታት አስቀድሞ፣ የፊልም ዘመን ማለፉን በእነዚያ የመነጋገሪያ ክፍሎች ውስጥ አፍቃሪዎቹ ሲከራከሩበት ነበር። ያንን ክርክር ያዳመጠ ነጋዴ የማይሸጥ ፊልም በመጋዘኑ አያከማችም።

ደብረ ማርቆስ ዛሬ ዩኒቨርሲቲ ያላት፣ ወጣቶችዋ ኮምፒዩተር የሚማሩባት ከተማ ናት። ጥቂት ባለፎቶ ቤቶች ተባብረው ከእነዚህ ወጣቶች ጋር ቢመካከሩ፣ በገዛ ፊደላቸው የተጻፈ፣ በገዛ እጃቸው የሚቀመጥ የሙያ መዝገብ ለማቋቋም ዕውቀቱ ሩቅ አይደለም። የአንዲት ከተማ መዝገብ ትንሽ ሊመስል ይችላል፤ ዩዝኔትም ሲጀመር ጥቂት ኮምፒዩተሮችን ብቻ ያገናኘ ነበር።

ያ በመስከረም ፍሬሙን በነጠላ ጠቅልሎ የመጣው ደንበኛ ከዚህ ታሪክ አንዱንም አያውቅም፤ እንዲያውቅም አይጠበቅበትም። እርሱ የሚፈልገው የአባቱን መልክ ነው። ባለሙያው ምክሩን ከደኅና ገበያ ሸምቶ እንደ ሆነ፣ ፎቶግራፏ ከነመስተዋቷ ተነሥታ፣ ስንጥቋ ተደፍኖ፣ አዲሷ ቅጂ በወረቀት ታትማ ትሰጠዋለች። አሮጌዋም ሳትነካ ተመልሳ በግድግዳው ላይ ትሰቀላለች። ደንበኛው ሒሳቡን ከፍሎ ሲወጣ ባለፎቶ ቤቱ ደብተሩን ይክፈትና እንዴት እንደ ሠራት ይጻፍ፤ በመጪው ክረምት ማለቂያ ላይ ሌላ ሰው ሌላ ፍሬም ይዞ መምጣቱ አይቀርምና።